መዥገር እስከ የት ይወጣል? ከዛሪማ እስከ አምባራስ

ከዛሪማ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወደ ደባርቅ የወጣ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ከቆላ ወደ ደጋ ይሻገራል። ከታች ሸሚዝ የሚከብድበት ሙቀት ነው፤ ላይ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ከደባርቅ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጨነቅ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ አምባራስን ያገኛል፤ የገብስ አገር ነው፣ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በዚህ መንገድ ሽቅብ የሚወጣው ሰው ብቻ አይደለም። ለገበያ የሚነዳ ሰንጋ፣ ለእርሻ የተገዛ ወይፈን፣ ጭነት የያዘ አህያ አብሮ ይወጣል። በእንስሳቱ ብብትና ብሽሽት፣ በጅራታቸው ሥር ተጣብቆ ደግሞ መዥገር ይወጣል።

ቆላ መዥገር እንደሚበዛበት፣ ደጋው እንደሚቀለው ማንም ገበሬ ያውቃል። የማይታወቀው ድንበሩ ነው። ከቆላ የመጣች መዥገር ደጋ ላይ ስትወድቅ እንቁላሏ ይፈለፈላል ወይስ በብርድ ይመክናል? የሚፈለፈልበት ከፍታ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከነበረው ሽቅብ ሄዷል ወይስ ባለበት ነው? መዥገሩስ በውስጡ የያዘው ቫይረስ አለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚታመን መልስ የሚገኘው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ዓመት ከዓመት ከሚደረግ ቆጠራ ነው። ሰሜን ጎንደር ለእንዲህ ያለው ቆጠራ በተፈጥሮም በተቋምም የተሰናዳ አገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን ከመዥገሩ ልጀምር።

መዥገር ከነፍሳት ወገን አይደለም፤ የሸረሪት ዘመድ ነው። ከእንቁላል ሲወጣ ስድስት እግር ያለው፣ ለዓይን የሚያስቸግር ነጥብ ነው። ደም ጠጥቶ ቆዳውን ሲገፍ ስምንት እግር ያወጣል፤ ዳግመኛ ጠጥቶ ሲገፍ ለአካለ መጠን ይደርሳል። ሴቷ ለመጨረሻ ጊዜ ጠጥታ ስትነፋ ከእንስሳው ላይ ትወድቃለች፣ ከሣር ሥር ወይም ከድንጋይ ስንጥቅ ገብታ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥልና ትሞታለች። ብዙዎቹ የመዥገር ዓይነቶች በእንስሳ ላይ የሚቆዩት በድምሩ ጥቂት ሳምንት ነው፤ የቀረውን ዕድሜያቸውን፣ ወራትም ይሁን ከዓመት በላይ፣ የሚያሳልፉት መሬት ላይ ነው። ስለዚህ ዕጣቸውን የሚወስነው የከብቱ ገላ ሳይሆን የአፈሩ ሙቀትና እርጥበት ነው። ብርድ ሲበረታ የእንቁላሉ መፈልፈያ ይራዘማል፤ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ጭራሽ አይፈለፈልም። ድርቀት ሲበረታ ደግሞ መዥገሩ የሰውነቱን ውሃ ያጣል፣ ከሣሩ ሥር ያለውን እርጥበት ከአየር እየሳበ ካልተካ ይሞታል። አየር ንብረት መዥገርን የሚነካው በእነዚህ ሁለት በሮች ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አይከፈቱም።

በአገራችን ከብት ላይ ከሚገኙት ዓይነቶች ሦስቱን መለየት ለዚህ ነገር ይበቃል። ቦፊለስ ዲኮሎራተስ የሚባለው ትንሹ መዥገር ከእጭነት እስከ አዋቂነት አንዲት ላም ላይ ሆኖ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ላሟ በዚህ መካከል ከተሸጠች ትውልዱን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። አምብሊዮማ ቫሪየጌተም ትልቅ ነው፤ የወንዱ ጀርባ በቢጫና በብርቱካን ቀለም የተዥጎረጎረ ስለሆነ ማንም አይስተውም። ወንዱ ቀድሞ ይጣበቅና ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ይለቃል፤ ለዚህ ነው የላም ግት ላይ አሥር፣ ሃያ ሆኖ ተከምሮ የሚገኘው። ምላሱ ረጅም በመሆኑ የሚተወው ቁስል ጥልቅ ነው፣ ብዙ ላም የጡቷን ጫፍ ያጣችው በእሱ ነው። ሦስተኛው ሃያሎማ ነው። እግሮቹ ላይ ነጣ ያሉ ቀለበቶች አሉት፣ ዓይን አለው፣ እንደ ሌሎቹ ሣር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አይጠብቅም፤ ሰውም ይሁን ከብት ሲመጣ አይቶ ሮጦ ይደርሳል። አንዳንዶቹ ሃያሎማዎች በልጅነታቸው በወፍና በጥንቸል ላይ ያድጋሉ። ከወፉ ላይ ሳይወርዱ ሳምንታት ስለሚቆዩ፣ ስደተኛ ወፍ ከአህጉር ወደ አህጉር ይዟቸው ይሻገራል። ስለ ቫይረስ ሲነሳ አብዝተን የምንፈራው ይህን ሦስተኛውን ነው።

አንዲትን ላም በደንብ የሚመረምር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ዝም ብሎ ጀርባዋን አያይም። ጆሮዋን ገልብጦ ውስጡን በጣቱ ይዳስሳል፤ ልጅ መዥገሮች እዚያ ይደበቃሉ። ከዚያ የአንገቷን ሽንሽን፣ ደረቷን፣ ብብቷን፣ ግቷን ይፈትሻል፤ በመጨረሻ ጅራቷን አንስቶ ከሥሩ ያለውን ራቁት ቆዳ ያያል። የአንድ ጎኗን ቆጥሮ በሁለት ያባዛል። የነቀለውን በሰባ በመቶ አልኮል ጠርሙስ ውስጥ ይከታል፣ በወረቀት ቁራጭ ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የእንስሳዋን ዕድሜና ከየት እንደመጣች ጽፎ ወረቀቱን ከነመዥገሩ ጠርሙሱ ውስጥ ይጨምራል። የሚጽፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። የመዥገር ቅኝት የሚባለው ነገር መሠረቱ ይኸው ነው። ውድ መሣሪያ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።

ወደ ቫይረሱ ስንመጣ መዥገር ከትንኝ የሚለይበት ነገር አለ። ቫይረሱ ከደም ጋር ወደ ሆዱ ይገባል፣ ከሆዱ ወደ ምራቅ ዕጢው ይሻገራል፣ ቆዳውን ሲገፍም አብሮት ያልፋል። አንዳንዴ ከእናት ወደ እንቁላል ይተላለፋል። ከዚህም በላይ ሁለት መዥገሮች አንዲት በግ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ሲጠጡ፣ የበጓ ደም ቫይረሱን ያን ያህል ሳይዝ፣ አንዱ ለሌላው በቆዳዋ በኩል ያቀብለዋል። መዥገር ለወራት ሳይበላ መቆየት ስለሚችልም ቫይረሱ በእሱ ውስጥ በጋውን ያልፋል። ስለዚህ መዥገሩ ተላላኪ ብቻ አይደለም፤ ጎተራም ነው።

ለሰው ከሚያሰጉት ዋነኛው የክራይሚያ ኮንጎ ደም አፍሳሽ ትኩሳት ቫይረስ ነው። (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሽታው በ1944 ክራይሚያ ውስጥ በሶቭየት ወታደሮች ላይ ታየ፤ በ1956 በቤልጂየም ኮንጎ ከታመመ ሕፃን ደም አንድ ቫይረስ ተገኘ፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በ1969 ያሳየው ጆርዲ ካዛልስ የሚባል ተመራማሪ ነው። ሰው የሚያዘው በመዥገር ንክሻ፣ መዥገርን በጣት በመጨፍለቅ፣ በታረደ እንስሳ ትኩስ ደም ወይም በታመመ ሰው ደም ነው። ትኩሳቱ በድንገት ይጀምራል፣ ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ይከተላል፣ የከፋበት ሰው ይደማል። ከተያዙት ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑት እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ በሰፊው የሚሰጥ ክትባት የለውም። በሬው ግን አይታመምም። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል፣ በሬው ሣሩን ይግጣል፣ ገበያ ይወጣል፣ ለቅርጫ ይታረዳል። እንደ አባ ሰንጋ ወይም እንደ እብድ ውሻ በሽታ የእንስሳ ሞት አስቀድሞ አያስጠነቅቅም። መዥገሩን ራሱን ማየት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ቫይረስ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1978 በአንድ የአሜሪካ የሐሩር ክልል ሕክምና መጽሔት ላይ ውድ፣ ሊ፣ አሽና ካዛልስ የተባሉ አራት ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ መዥገሮች አራት ቫይረሶችን ለይተው ማውጣታቸውን አስታወቁ፦ የክራይሚያ ኮንጎ፣ ቶጎቶ፣ ዱግቤና ጆስ። ካዛልስ ያው የ1969ኙ ሰው ነው። ጆን አሽ ደግሞ የወፍ ሊቅ ነበር፤ አዲስ አበባ በነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል፣ በአጭሩ ናምሩ 5 በሚባለው ተቋም ሲሠራ ስደተኛ ወፎችንና የሚሸከሟቸውን መዥገሮች ይከታተል ነበር። ተቋሙን ደርግ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ከቃኘው ጣቢያና ከሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ጋር ዘጋው። ውጤቱ በመጽሔት ሲታተም ሥራው የተሠራበት ዘመን አልፎ ነበር። ይህን ታሪክ ሳስብ የሚቆጨኝ የተቋሙ ባለቤትነት አይደለም፤ የውጭ ጦር ቤተ ሙከራ ለዘላለም እንዲቆይ ማንም አይጠብቅም። የሚቆጨኝ የተጀመረው ቆጠራ የሚረከበው የአገር ልጅ ሳያገኝ መቋረጡ ነው። አራቱ ቫይረሶች በአገሪቱ መኖራቸው ታወቀ፤ በየትኛው ወረዳ ይበዛሉ፣ በየትኛው ወር ይነሳሉ፣ ከፍ ወዳለው አገር ይወጣሉ ወይ የሚለው ሳይጠየቅ ቀረ።

ከዚያ በፊትም የመዥገር ጥናት በኢትዮጵያ ያልተጠበቀ ነገር አሳይቶ ያውቃል። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ፓስተር ኢንስቲትዩት ትሠራ የነበረችው ራይስ ጉትፍሮይንድ የተስቦን (የታይፈስን) ተሕዋስ በበግና በፍየል ደም፣ በመዥገርም ላይ አገኘሁ አለች። ተስቦ የቅማል በሽታ ነው ተብሎ በጸናበት ዘመን ይህ ዓለምን ያነጋገረ ቃል ነበር። በኋላም የላይም በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ በስሙ የተጠራለት ዊሊ ቡርግዶርፈርና ጓደኞቹ የኢትዮጵያን መዥገሮች ሰብስበው ፈለጉት፤ በ1973 ያወጡት ውጤት የተስቦውን ተሕዋስ አላገኘንም የሚል ነው። ያገኙት ሌላ ነው። በ1966 ኢትዮጵያ ውስጥ ከከብት ላይ ከተነቀለ አንድ አምብሊዮማ የተገኘ ዝርያ ለአሥርት ዓመታት በቤተ ሙከራ ተጠብቆ ቆይቶ፣ በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ የሚል ስም ከተሰጠው ባክቴሪያ ወገን ሆኖ ተገኘ፤ በ2009 ሙሉ የዘር መዝገቡ የተነበበው ከዚሁ ዝርያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በሰው ላይ የመዥገር ትኩሳት ያመጣል። ቫይረስ አይደለም፤ ግን ያንኑ መዥገር ይጋልባል፣ በጤና ጣቢያም ከሌላ ትኩሳት ጋር ይምታታል። በትክክል የተሰየመና የተጠበቀ አንድ ጠርሙስ ሰብሳቢው ያላሰበውን ጥያቄ ከ40 ዓመት በኋላ ሊመልስ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

አሁን ወደ አየር ንብረቱ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ያሳተመው የአገሪቱ የአየር ንብረት መግለጫ እንደሚለው፣ ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። ተራራ ስንወጣ በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱን ብናገናኝ በ2006 የነበረው የደባርቅ ሙቀት በ1960 ከደባርቅ 200 ሜትር ያህል ዝቅ ባለ ቦታ የነበረው ሙቀት ነው ማለት ነው። ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው፤ ሸለቆ ከሸለቆ፣ ጥላማው ከፀሐያማው ገጽ ይለያል። ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

በሰው ላይ ያመጣውን ለማየት ወባን ማስታወስ ይበቃል። በ1958 ያልተለመደ ዝናብና ሙቀት በመጣ ጊዜ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳለው ደጋማ አገር ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 እንደሞተ ተገምቷል። በሽታውን ያልለመደ፣ መከላከያው ያልዳበረ ሕዝብ ነበር። በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ የኢትዮጵያንና የኮሎምቢያን ደጋማ ቦታዎች መዝገብ መርምሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታ እንደሚወጣ፣ ቀዝቃዛ ሲሆን እንደሚወርድ አሳይቷል። ይህን ማለት የተቻለው የቀበሌ የወባ ቁጥር ለዓመታት ተመዝግቦ ስለቆየ ነው።

የመዥገርን የተራራ ጉዞ በማስረጃ ያሳየው የታወቀ ጥናት ያለው አውሮፓ ውስጥ፣ በቼክ ሪፐብሊክ የክርኮኖሼ ተራሮች ነው። ቀደም ባሉት አሥርት ዓመታት የዚያ አገር ተመራማሪዎች መዥገሮችን በተለያየ ከፍታ አስቀምጠው ዑደታቸውን ይጨርሱ እንደሆነ ተከታተሉ፤ ከ700 ወይም ከ800 ሜትር በላይ አልሆነላቸውም። ከ2000 በኋላ እዚያው ተመልሰው ያንኑ ሙከራ ሲደግሙ መዥገሮቹ ከ1,000 ሜትር በላይ ዑደታቸውን ጨርሰው አገኟቸው፤ የአንጎል ብግነት የሚያመጣው ቫይረስም አብሮ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛው ሙከራ ትርጉም ያገኘው የመጀመሪያው ስለተመዘገበ ነው። እኛም የመጀመሪያው መዝገብ በከፊል አለን። በ1970ዎቹ ፒ. ሲ. ሞሬል በአንድ በኩል፣ አር. ጂ. ፔግራምና ሃሪ ሁግስትራል በሌላ በኩል የኢትዮጵያን የከብት መዥገሮች በየቦታው ሰብስበው፣ የትኛው ዓይነት በየትኛው ከፍታና የዝናብ መጠን እንደሚገኝ ጽፈዋል፤ ሥራዎቻቸው በ1980 እና በ1981 ታትመዋል። ተመልሶ ማወዳደር ይቻላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሙቀት ጨመረ ማለት መዥገር ሁሉ በዛ ማለት አይደለም። አፈሩ ከደረቀ፣ ሣሩ በግጦሽ ከተመለጠ፣ እርጥበት የሚወደው አምብሊዮማ ሊቀንስ ይችላል፤ ድርቀት የሚችለው ሃያሎማ ግን በቦታው ይተካል። ለሰው ጤና ይህ መልካም ልውውጥ አይደለም። ሞሬልና ባሊስ በ1976 ከኢትዮጵያ ተራሮች ገልጸው ስም የሰጡት ሪፒሴፋለስ ቤርጂዮኒ የሚባል መዥገርም አለ፤ የደጋ ሰው ነው ማለት ይቻላል፣ አገሩ ሲሞቅ የት ይሄዳል? ከዚህም ሌላ መዥገር በራሱ እግር ብዙ አይሄድም። የሚያጓጉዘው ከብት ነው፣ ከብቱን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ ሰው ነው። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደባርቅና ዳባት ያዩት ጦርነትና መፈናቀል፣ በድርቅ ጊዜ ሣር ፍለጋ የሚደረገው ጉዞ፣ ወደ መተማና ወደ ሱዳን የሚሄደው የከብት ንግድ ሁሉ ከሙቀቱ በላይ መዥገርን ሊያዛውር ይችላል። አምባራስ ላይ አንድ ሃያሎማ ቢገኝ ትናንት ከቆላ በተገዛ በሬ መጥቶ ይሆን ወይስ እዚያው ተፈልፍሎ የሚለውን ሳይለዩ ስለ አየር ንብረት መናገር ስህተት ነው።

ይህን ለመለየት ዘዴ አለ። አምባራስ ተወልዳ ከአምባራስ ያልወጣች ጊደር ወይም ቄብ በግ ተመርጣ፣ የእናቷ ጡት የሰጣት መከላከያ ካለቀ በኋላ፣ ማለትም ስድስት ወር ካለፋት ወዲያ፣ ደሟ ይመረመራል። በደሟ የክራይሚያ ኮንጎ ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ ቫይረሱ እዚያው መጥቶ አግኝቷታል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከቆላ የተገዛ በሬ ደም ግን ምንም አይነግረንም። ነጭ ጨርቅ በሣር ላይ እየጎተቱ ልጅ መዥገሮችን መያዝም እንዲሁ ነው፤ እጩ ጨርቁ ላይ ከተገኘ እናቱ እዚያው ጥላዋለች። ለቫይረስ ምርመራ የሚሰበሰበው መዥገር ቅዝቃዜ ይፈልጋል የሚል ስጋት ብዙ ጊዜ ይነሳል፣ መብራት በሌለበት ተራራ እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን መዥገር እርጥብ ጥጥ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ለቀናት በሕይወት ይቆያል፤ በሕይወት እያለ ጎንደር ከደረሰ እዚያ ማቀዝቀዝ ይቻላል።

ቦታውን በተመለከተ ሰሜን ጎንደር የተፈጥሮ መሰላል አለው። ዛሪማ፣ የሊማሊሞ ወገብ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ አምባራስ፦ በአምስቱ፣ በዓመት አራት ጊዜ፣ በያንዳንዱ የተወሰነ ከብትና በግ ቢፈተሽ ከአምስት ዓመት በኋላ በአማራ ክልል ማንም የሌለው መዝገብ ይኖራል። በዚህ አገር ስለ መዥገር የተጻፉ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን የአንድ ወቅት ሥራ ናቸው፣ ተማሪው ተመርቆ ሲሄድ ያልቃሉ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ ዋልያና ጭላዳ የከብቱን ግጦሽ ስለሚጋሩ፣ የአምባራስ በግ የሚነግረን ነገር ለእነሱም ይተርፋል።

ተቋሙ ደግሞ ዳባት ላይ ቆሟል። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ከ1996 ጀምሮ በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ ቀበሌዎች የሚኖሩ ሰዎችን ልደት፣ ሞትና ዝውውር ይመዘግባል። ቤት ለቤት የሚሄዱ መረጃ ሰብሳቢዎች አሉት፤ ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ጠይቆ የሞቱን ምክንያት የሚገምት አሠራር አለው። እንዲህ ያለ መዝገብ በኢትዮጵያ ጥቂት ቦታ ብቻ ይገኛል። እዚያው ቤት በረት አለ፣ በረቱ ውስጥ ከብት አለ። ለሰው የሚጠየቀው ጥያቄ አልቆ ባለሙያው ከመውጣቱ በፊት ወደ በረቱ ጎራ የሚል የእንስሳት ጤና ሰው ቢጨመር የሰው ትኩሳትና የመዥገር ቁጥር በአንድ ካርታ ላይ ይቀመጣሉ። ጎንደር የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም የሰው ሕክምና ኮሌጅም አለው፤ ሁለቱ በአንድ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ሥር ናቸው። ደባርቅም የራሱ ዩኒቨርሲቲ አለው።

በጤና ጣቢያ በኩል ያለው ክፍተት ከበረቱ ይበልጣል። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው መጀመሪያ ለወባ ይታያል። ወባ ካልሆነ የታይፎይድና የታይፈስ ምርመራ ይታዘዛል፤ እነዚህ የቆዩ ምርመራዎች ብዙ ጊዜ ያሳስታሉ፣ የአንዱን ተሕዋስ ምልክት በሌላው ስም ያነባሉ። ሰውየው መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይሻለዋል ወይም አይሻለውም፣ መዝገቡ ላይ ታይፎይድ ተብሎ ይቀራል። እዚያ ክፍል ውስጥ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር ማድረግ ይቻላል፤ መጠየቅ። «አባባ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከብት አርደዋል? መዥገር በእጅዎ ነቅለዋል? የነከሰዎት ቦታ አለ?» ከንክሻ በኋላ የክራይሚያ ኮንጎ ትኩሳት የሚነሳው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሲሆን ከዘጠኝ አያልፍም፤ ከደም ንክኪ በኋላ እስከ አሥራ ሦስት ቀን ሊዘገይ ይችላል። መልሱ አዎ ከሆነ የሰውየው ካርድ ላይ መጻፍ፣ የሚደማ ከሆነም ለይቶ ማስተኛትና ወዲያው ማሳወቅ ያስፈልጋል። ደም አፍሳሽ ትኩሳት በአገሪቱ ሕግ በአስቸኳይ ከሚገለጹ በሽታዎች አንዱ ነው። ምርመራውም በአገር ውስጥ ይቻላል፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ ሲከሰት ያረጋገጠው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ትምህርት በውድ ገዝተውታል። በ2008 በሱዳን ኮርዶፋን በሽታው ሆስፒታል ውስጥ ከታማሚ ወደ ባለሙያ ተላልፏል። ኡጋንዳ ከ2013 ወዲህ ደጋግማ ታገኘዋለች፤ ያገኘችው ስለፈለገች ነው። በ2022 ኢራቅ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ታመዋል፣ ብዙዎቹ ከብት የሚነኩ ናቸው። በኢትዮጵያ በ2015 ቅድሚያ ይሰጣቸው ተብለው የተመረጡት አምስቱ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች እብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና የውሻ ኮሶ ትል የሚያመጣው ኢኪኖኮከሲስ ነበሩ። በመዥገር የሚተላለፍ ቫይረስ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። በማስረጃ ተመዝኖ የሚወጣ ዝርዝር፣ ማስረጃ ያልተሰበሰበለትን በሽታ ወደ ታች ማስቀመጡ አይቀርም፤ ወደ ታች የተቀመጠ ደግሞ ገንዘብ አያገኝም፣ ገንዘብ ካላገኘ ማስረጃ አይሰበሰብለትም።

አይቻልም የሚል ካለ ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ ያስታውስ። በ1880ዎቹ መጨረሻ የጀመረውን ክፉ ቀን ያመጣው የከብት ደስታ በሽታ ከኢትዮጵያ የጠፋው በመጨረሻ አፋር ውስጥ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ክትባቱን ተሸክመው፣ የታመመ ከብት የት እንዳለ ከእረኛው ጠይቀው እየተከተሉ በሠሩት ሥራ ነው። የአገሪቱ የመጨረሻ ወረርሽኝ በ1995 ታየ፣ በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ቤተ ሙከራው ያስፈለገው የእረኛውን ቃል ለማረጋገጥ ነው። ስለ መዥገርም ቢሆን ቀድሞ የሚያውቀው እረኛው ነው፤ «ይህ ባለ ቀለበት እግሩ ድሮ እዚህ አልነበረም» የሚል ሰው ካለ ቃሉ በቀንና በቦታ ሊጻፍለት ይገባል።

እስከዚያው ድረስ ለእያንዳንዱ ቤት የሚሆን ነገር ትንሽ ነው። ሰው ላይ የተጣበቀ መዥገር በወረንጦ ከቆዳው ሥር ተይዞ ቀጥ ተደርጎ ይሳባል፤ ቅቤ፣ ላምባ ወይም እሳት አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ምራቁን ወደ ቁስሉ እንዲተፋ ያደርገዋል። ከከብት ላይ የተነቀለውን በጥፍር መጨፍለቅ መተው አለበት፤ ጓንት ከሌለ ፌስታል እጅ ላይ መጠቅለል ይበቃል። በቅርጫ ቀን እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ደም ባይነካ ይሻላል።

ከዚያ በላይ ያለው የተቋማት ሥራ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የሰሜን ጎንደር ዞን ግብርናና ጤና መምሪያዎች፣ የአማራ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አምስቱን ቦታዎች ይምረጡ፣ የሚቆጥሩትን ሰዎች ይሰይሙ፣ ደመወዛቸውን በፕሮጀክት ሳይሆን በመደበኛ በጀት ያስይዙ። የመጀመሪያው ቆጠራ የክረምቱ ዝናብ እንዳበቃ፣ ከብቱ መስክ በሚወጣበት በጥቅምት ቢጀመር ለሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት የሚወዳደር ቁጥር ይኖራል።